ጠዋት የጸናው ማሰሪያ ማታ ለምን ላላ? የአንድ ካያክ ጉዞ የጉዳይ ጥናት

አንድ ተሳቢ ከፊት ለፊት መጥቶ በአጠገባችን አለፈ። ነፋሱ መኪናችንን ነቅነቅ አደረጋት። ይህን ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። መሪውን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ ያልፋል። የዚያን ቀን ግን ከጣሪያው ላይ "ጓ" የሚል ከባድ ድምፅ መጣ። ቀና ብዬ ሳይ፣ በፊት መስታወቱ መሀል ላይ መታየት የነበረበት፣ ጣሪያው ላይ ያሰርነው ካያክ (የመቅዘፊያ ጀልባ) አፍንጫ ወደ እኔ በኩል ዞሯል። ከመኪናው ጎን ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው።

"ቁም! ቁም!" አለኝ ጓደኛዬ። እኔ ግን ፍሬን መርገጥ ፈራሁ። ድንገት ብይዝ ጀልባው እንዳለ ወደ ፊት ተወንጭፎ የሚሄድ መሰለኝ። እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ። አራቱንም ፍሬቻ አበራሁ። ፍጥነቱ በራሱ እስኪወርድ ጠብቄ ዳር ያዝኩ።

ከኋላችን ሲከተል የነበረ ፒክአፕም ቆመ። በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ወረዱ። "ልጄ፣ ያን ሁሉ ክላክስ ሳደርግ አልሰማህም እንዴ? ጭራው እኮ ከቁልቁለቱ ጀምሮ ሲወዛወዝ ነበር" አሉኝ። አልሰማሁም። መስኮቱ ዝግ ነበር፣ ሬዲዮውም ተከፍቷል። "እግዜር ይስጥልኝ አባባ" ብዬ ወደ ጣሪያው ዞርኩ። የኋላውን ማሰሪያ ስነካው መዳፌ እንዳለ ከሥሩ ገባ። ስንነሳ እንደ ክራር አውታር ተወጥሮ የነበረ ማሰሪያ ነው።

እዚያ መንገድ ላይ ማንም አልተጎዳም። ጀልባውም አልወደቀም። ነገሩ ግን ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። ከኋላችን ፒክአፑ ሳይሆን ሞተር ሳይክል ቢሆንስ? 24 ኪሎ የሚመዝን ከ4 ሜትር በላይ የሆነ ነገር አስፋልት ላይ ቢወድቅበት ያ ሰው ምን ማድረግ ይችላል? ስለዚህ ከጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለን ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ እያንዳንዱን ነገር መለስ ብለን አየን። ጥያቄው አንድ ነበር። ያው ጀልባ፣ ያው መኪና፣ ያው ማሰሪያ፣ ያው መንገድ፣ ያው ሁለት ሰው። ጠዋት ስንሄድ ንቅንቅ አላለም። ማታ ምን ተለወጠ?

ዕቃዎቹ

ካያክ ጠባብና ረጅም፣ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ በመቅዘፊያ የሚነዳ ጀልባ ነው። የእኛው 4.3 ሜትር ይረዝማል። ፖሊኢትሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው። መኪናዋ ትንሽ አውቶሞቢል ናት። ጣሪያዋ ላይ ለፖርቶ መጋላ የሚሆኑ ሁለት አግዳሚ ብረቶች አሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት 70 ሳንቲ ሜትር ነው። በየብረቱ ላይ ስፖንጅ አለ፣ ጀልባው እሱ ላይ በሆዱ ይተኛል።

ማሰሪያዎቹ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው የናይለን ቀበቶዎች ናቸው። ጫፋቸው ላይ ዘለበት አለ። በእጅ ይሳባሉ፣ ዘለበቱ ነክሶ ይይዛቸዋል። የጭነት መኪኖች የሚጠቀሙበትን፣ በብረት እጀታ ወዲያ ወዲህ እየተባለ የሚጠብቀውን ዓይነት ሆን ብለን ትተነዋል። እሱ ከእጅ ጉልበት በላይ ይስባል። የፕላስቲክ ጀልባ ሆድ ያጎደጉዳል፣ ፋይበርግላስ ከሆነ ሊሰነጥቅ ይችላል።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ክብደቱን ነበር። የመኪናዋን መመሪያ አወጣን። ጣሪያዋ የሚችለው 75 ኪሎ ነው። አግዳሚዎቹም ከዚሁ ላይ ይታሰባሉ፣ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። እነሱን ደምረን እንኳ ግማሹን አልሞላንም። አግዳሚዎቹ ከጣሪያው ጋር የተያያዙበትን እግርም አንድ በአንድ በእጃችን ነቀነቅነው። ፍንክች አላለም። ችግሩ ከብረቱ በላይ ነው ማለት ነው።

ጠዋት

ጠዋት ጊዜ ነበረን። ጀልባውን አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይዘን በጉልበታችን ቁጭ ብለን ተነሳን። ጣሪያው ላይ ካስቀመጥነው በኋላ ጓደኛዬ ራቅ ብሎ እያየ "ትንሽ ወደ ኋላ፣ እሺ፣ በቃ" እያለ አስተካከለው። ሰፊው የጀልባው ክፍል በሁለቱ አግዳሚዎች መሀል ገባ። ማሰሪያዎቹን ከጀልባው በላይ አዞርን፣ ከአግዳሚው ሥር አስገባን፣ ሳብን። ቀበቶው ነፋስ ሲመታው እንዳይንጫጫ በመሀል አንድ ጊዜ ጠመዘዝነው። የተረፈውን ጫፍ ቋጠርነው።

ፊቱንና ጭራውን ግን በገመድ አላሰርንም። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ነው፣ ማሰሪያዎቹም ጠብቀዋል፣ ምን ያደርጋል አልን። ገመዱ ቤት ቀረ። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ነፋስ በሌለበት፣ አብዛኛውን ዳገት እየወጣን ደረስን።

መኪና ከሚቆምበት እስከ ውሃው ድረስ 500 ሜትር ያህል የእግር መንገድ አለ። ለዚህ ሁለት ጎማ ያላት ታጣፊ ጋሪ አለችን። ጋሪዋን ከጀልባው መሀል ትንሽ ወደ ኋላ አድርገን አሰርናት። እንዲህ ሲሆን አፍንጫውን የያዘ ሰው እጅ ላይ ጥቂት ክብደት ብቻ ይቀራል፣ ጀልባውም ወደ ኋላ አይወድቅም። ውስጡ ባዶ ነበር። ቦርሳችንንና መቅዘፊያዎቹን በእጃችን ያዝን። እያወራን ደረስን።

ማታ

ስንመለስ ደክሞናል። ነፋስ ተነስቷል፣ ሊመሽ ነው። ሁለት ዙር መመላለስ አልፈለግንምና ያለንን ሁሉ ጀልባው ውስጥ ከተትን። እርጥብ ልብስ፣ የውሃ ጀሪካን፣ ቦርሳ፣ መቅዘፊያ። በግምት 15 ኪሎ ይሆናል። ጋሪዋንም በችኮላ ልክ መሀል ላይ አደረግናት፣ ማሰሪያዋን አንድ ዙር ብቻ አዙረን።

ቀጫጭን ጎማዎቿ አሸዋ ውስጥ ሰመጡ። እየገፋን አወጣናት። ከዚያ አንዱ ጎማ የዛፍ ሥር ሲመታ ቆመ፣ ሌላው ሄደ። ጋሪዋ ወደ ጎን ዞራ ከሆዱ ሥር ሹልክ አለች። ጀልባው በጭራው መሬት ላይ ወደቀ። መልሰን አሰርን። እንደገና ወጣች። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ተስፋ ቆረጥኩ። ጓደኛዬ ዕቃውን እንዲያወጣ ጠይቄ ጀልባውን ብቻዬን ትከሻዬ ላይ አነሳሁት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው እንዲህ ባለ ቦታ ነውና። ካያክ ትከሻ ላይ ሲሆን መቀመጫው አካባቢ ያለው ክፍት ቦታ ጠርዝ ትከሻ ላይ ያርፋል። ከፊት 2 ሜትር፣ ከኋላ 2 ሜትር በአየር ላይ ነው። የነፋስ ጊዜ ይህ ሁሉ ሸራ ማለት ነው። ከዛፎቹ ጥላ ወጥቼ ገላጣው ቦታ ላይ ስደርስ ነፋሱ አፍንጫውን ያዘና እኔን ራሴን አዞረኝ። ጭራው ከጓደኛዬ ጭንቅላት በአንድ ክንድ ርቀት አለፈ። የሆነውን ያወቅኩት "ኧረ ቀስ!" ሲለኝ ነው። ወዲያው አወረድኩት።

የቀረውን 100 ሜትር የሚሆን መንገድ አፍንጫው ላይ ባለው እጀታ ይዘን በኮረት ላይ ጎተትነው። በማግስቱ የጭራውን ሥር በጣቴ ስዳስሰው ፕላስቲኩ እንደ ጸጉር ተልጦ፣ ቀጫጭን ክሮች ወጥተውበት አገኘሁት። ጀልባ ሲጎተት የሚበላው እዚያው አንድ ቦታ ላይ ነው። ከተደጋገመ ይቀደዳል።

መኪናው ጋ ስንደርስ ጓደኛዬ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ አነሳና "አይይ፣ ወገቤ" አለ። ያ ጥሪ ሁሉን ነገር አቻኮለው። እንዳይጎዳ ብዬ ቶሎ ቶሎ ጫንኩ። ራቅ ብሎ የሚያስተካክል ሰው አልነበረም። ውስጡ የቀረውን ውሃ አላፈሰስንም። ሆዱ ላይ የተለጠፈውን አሸዋ አልጠረግንም። ማሰሪያዎቹ እርጥብ መሬት ላይ ወድቀው ርሰዋል። ፕላስቲኩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ስለዋለ ገና ሙቅ ነበር። "አይላላም" ብዬ ከጠዋቱ የበለጠ ሳብኩት።

ምን አላላው?

መልሱን ያገኘነው ከጀልባው ሆድ ላይ ነው። ገልብጠን ስናየው አግዳሚዎቹ በነበሩበት ቦታ ቀጭን ቀጭን ጭረቶች ነበሩ። የተለጠፈው አሸዋ ፕላስቲኩን እየፋቀ የጻፋቸው ናቸው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሄዱ፣ እኩል ርዝመት ያላቸው። በሜትር ለካናቸው፣ 12 ሳንቲ ሜትር። ጀልባው ወደ ጎን ከመዞሩ በፊት 12 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ተንሸራቷል ማለት ነው።

ጠዋት የወጣነውን ዳገት ማታ ቁልቁል ወርደነዋል። እዚያ ላይ ደጋግሜ ፍሬን ይዣለሁ። ሰውየውም "ከቁልቁለቱ ጀምሮ" ነበር ያሉት። ነገሩ ገጠመ።

አሁን ቅርጹን አስቡት። ካያክ መሀሉ ሰፊ፣ ጫፎቹ ቀጭን ናቸው። ቀለበት ከጣት አንጓ አልፎ ወደ ጫፍ ሲሄድ እንደሚላላው፣ ማሰሪያም ከሰፊው ቦታ ወደ ቀጭኑ ከሄደ ይላላል። ማታ ስንጭነው ከጠዋቱ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት አስቀድሞ ገብቶ ነበር። ይህን ያወቅነው ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ካነሳነው ፎቶ ጋር በማስተያየት ነው። ስለዚህ የኋላው ማሰሪያ ገና ከመጀመሪያው ቀጭን መሆን በጀመረው ቦታ ላይ ነው ያረፈው። ጀልባው 12 ሳንቲ ሜትር ሲንሸራተት ማሰሪያው የበለጠ ቀጭን ቦታ ላይ ደረሰ። ሲላላ ደግሞ መንሸራተቱ ይቀላል። አንዱ ሌላውን እየጠራ ሄደ።

የቀሩት ነገሮች ይህን ያገዙ ናቸው። ናይለን ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል። ፖሊስተር ግን ውሃ የሚጠጣው በጣም ጥቂት ስለሆነ በዝናብ ጊዜ ይሻላል። ሙቅ ፕላስቲክ ደግሞ ለስላሳ ነው። እኔ በኃይል ስስበው የጠበቀ የመሰለኝ ማሰሪያ ሆዱን ወደ ውስጥ እየገፋው ነበር። በማግስቱ መዳፍ የሚያክሉ ሁለት ጉድጓዶች አየሁ። ሆዱ በገባ መጠን ማሰሪያው ቦታ አግኝቶ ይላላል። (ጉድጓዶቹን ሙቅ ውሃ እያፈሰስን ከውስጥ በእጅ ስንገፋ ተመለሱ፣ ይህ ፕላስቲክ እንዲህ ያለ ጥሩ ጠባይ አለው።) ከመቀመጫው ኋላ የቀረው ውሃም ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ወደ ፊት እየፈሰሰ ገፍቶታል። እያንዳንዱ ሊትር 1 ኪሎ ነው።

ከዚያ ፍጥነቱ አለ። መሽቶብናልና በ100 ነበር የምነዳው። የነፋስ ግፊት ፍጥነት በጨመረ ቁጥር በዚያው ልክ ብቻ አይጨምርም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ80 ወደ 100 ማለት ግፊቱ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ከፊት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቢታከልበት ከጠዋቱ ሁለት እጥፍ ያልፋል።

ግን ይህ ሁሉ ተደምሮም ዋናው ጥፋት አይደለም። ዋናው ጠዋት ቤት ጥለነው የወጣነው ገመድ ነው። ጠዋትም ስህተቱ ነበረ፣ አልታየም እንጂ። ሁለቱ ማሰሪያዎች በ70 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ናቸው። አፍንጫው ከፊተኛው አግዳሚ ወደ 2 ሜትር ገደማ ወጥቶ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ነፋስ በ5 ኪሎ ኃይል ወደ ጎን ቢገፋው፣ ፊተኛው ማሰሪያ ላይ የሚደርሰው ከዚያ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፣ ወደ 19 ኪሎ ይጠጋል። ረጅም ዱላ ይዞ ድንጋይ እንደማንሳት ነው፣ ዱላውን የያዘው ግን ነፋሱ ነው። ገመዱ አፍንጫው ላይ ቢታሰር ኖሮ ያንኑ 5 ኪሎ እዚያው ጫፉ ላይ ይይዘው ነበር። የፊቱና የጭራው ገመድ ሁለቱም ቢኖሩ መንሸራተቱንም ከመጀመሪያው ባቆሙት። የሆድ ማሰሪያ ጀልባውን ወደ ታች ይይዛል። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚጠብቀው ግን የፊትና የኋላው ገመድ ነው። እኔ ይህን ሁለት የተለያየ ሥራ እንደ አንድ ቆጥሬ ነበር።

መንገድ ዳር የቆሙልን ሰው ይህን ሳንነግራቸው አይተውታል። "ሆዱን አስራችሁ አፍንጫውን ትታችኋል" አሉን። ከፒክአፓቸው ገመድ አውጥተው፣ ከአፍንጫው እጀታ ወደ መኪናዋ ቀኝና ግራ ሁለት ጎን ወጥረው አሰሩልን። ጭራውን እኛ አሰርን። በ60 እየነዳን ቤታችን ገባን።

ከዚያ ወዲህ

አሁን ገመዶቹ ከማሰሪያዎቹ ጋር በአንድ ከረጢት ውስጥ ናቸው፣ አይለያዩም። ከፊት እንደ ሰውየው ሁለት ገመድ ወደ ሁለት ጎን እንወጥራለን። መኪናዋ ከፊት በግልጽ የሚታሰርበት ቦታ የላትም። ስለዚህ ከሞተሩ ክዳን ሥር ባሉ ብሎኖች ላይ ጠንካራ የጨርቅ ቀለበት አሰርን። ክዳኑ ሲዘጋ ቀለበቶቹ ብቻ ብቅ ይላሉ። ከኋላ መጎተቻው ቀለበት ላይ ይታሰራል። ገመዱ ጀልባው ላይ የሚያዘው በእጀታው ነው እንጂ ዕቃ መያዣ በሆኑት ላስቲኮች አይደለም፣ እነሱ ይለጠጣሉ። በጣም አይወጠርም፣ አፍንጫውን ካጎበጠው በዝቷል። የተረፈውን ጫፍ በደንብ ቋጥሩት። ተንጠልጥሎ ጎማ ሥር ከገባ ጀልባውን ከነማሰሪያው ይጎትተዋል።

ማታ ስንጭን ጀልባውን መጀመሪያ ገልብጠን ውሃውን እናፈስሳለን። ሆዱንና ስፖንጁን በጨርቅ እንጠርጋለን። ሁለቱ ማሰሪያዎች የት ማረፍ እንዳለባቸው ጀልባው ላይ በቀለም ምልክት አድርገናል። በጨለማም ቢሆን በእጅ ባትሪ አይቶ ማስተካከል ይቻላል። ናይለኑን በፖሊስተር ለውጠናል። ከተነሳን ከ10 ደቂቃ በኋላ እንቆማለን፣ በእጃችን እንፈትሻለን። ከዝናብ በኋላም እንደገና። ከ80 አልፍም፣ ነፋስ ካለ ከዚያም እቀንሳለሁ።

በእግር ስንሄድ ጀልባው ውስጥ ምንም አይኖርም። ሁለት ዙር መመላለስ ከሆነም ሁለት ዙር ነው። ለአሸዋ የሚሆን ወፍራም የአየር ጎማ ያላት ጋሪ አገኘን፣ አሸዋ ላይ ስንደርስ አየሯን ትንሽ እናስተነፍሳታለን። የጋሪዋን ማሰሪያ ሁለት ዙር አዙረን መቀመጫው ጋ ካለው ክፍት ቦታ ጠርዝ ጋር እናያይዘዋለን፣ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ሹልክ እንዳትል። ጋሪ በማትሄድበት ቦታ ለሁለት እንይዘዋለን። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ እጀታውን እንደ ሻንጣ፣ ዝቅ አድርገን። ብቻዬን ትከሻ ላይ የማነሳው ነፋስ ከሌለ ብቻ ነው። ያኔም መጀመሪያ ጭኔ ላይ አስደግፌ፣ ከዚያ ወደ ትከሻ። የሕይወት አድን ጃኬቱን ለብሼ ስለማነሳ ጠርዙ ትከሻዬን አይቆርጠውም።

የጓደኛዬ ወገብ ለመዳን ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ደግመን የወጣነው ከዚያ በኋላ ነው። ስንመለስ ዝናብ ያዘን። 10 ደቂቃ ከተጓዝን በኋላ ዳር ይዤ ቆምኩ። እሱ ወርዶ የኋላውን ማሰሪያ ነካ። "ሁለት ጣት ያህል ለቋል" አለኝና ሳበው። አፍንጫውን ይዞ ወዲያና ወዲህ ገፋው። ከጀልባው ጋር መኪናዋም ተወዛወዘች። "ሂድ" ብሎኝ ገባ።